ማረፍ ያቃታት እጅ

አባቴ መቋሚያውን ቶሎ አይለቅም ነበር። በልጅነቴ የማውቀው የደብረ ብርሃን ማኅሌት ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው። ከበሮው ዝም ይላል፤ መዘምራኑ መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ አባቴ ግን ቀኝ እጁ እንጨቱን እንደ ጨበጠ በቆመበት ይቀራል። ተማሪዎቹ ተመስጦ ነው ይሉ ነበር። «መሪጌታ ገና አልተመለሱም» ይባባላሉ በሹክሹክታ። እኔም በሴቶች በኩል ቆሜ እያየሁት፣ አባቴ ከመላእክት ጋር የጀመረውን ገና አልጨረሰም ብዬ አምን ነበር።

የእኔ እጅ ሲይዝ ግን ተመስጦ ነው ያለ ሰው አልነበረም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱን ውርጭ ሲጥል ያድራል። ጠዋት በቀዝቃዛ ውኃ ፊቴን ስታጠብ ዓይኖቼ ይጨፈኑና አልገለጥ ይሉኛል። ደንግጬ ሳለቅስ ደግሞ ይብስብኛል፤ ልቅሶው ራሱ ሽፋሽፍቶቼን ጨምድዶ ይይዛቸዋል። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ እፍ እያለች ታሞቅልኝና ዓይኔ ላይ ታደርግልኛለች፤ ቀስ በቀስ ብርሃን ይገባል። ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ስጽፍ ጣቶቼ ጠመኔውን እንደያዙ ይቀራሉ። ሌላው ሰው ሰውነቱ እየተፍታታ ሲሄድ እኔ ደጋግሜ በጻፍኩ ቁጥር ይብስብኛል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አስተማሪ «እያወቅሽ ነው» ብሎ ጣቶቼን በማስመሪያ መታኝ። ከዚያ ቀን በኋላ «ሰነፍ» የሚለው ቃል እስከ ስምንተኛ ክፍል ከስሜ ጋር አብሮ ተጠራ።

በ12 ዓመቴ እናቴ ጸበል ወሰደችኝ። ጎሕ ሳይቀድ፣ ሣሩ ላይ ውርጩ እንዳለ፣ ከላይ የሚወርደው ውኃ ጀርባዬ ላይ አረፈ። የመጀመሪያውን ጩኸት ጮህኩ፤ ሁለተኛው አልወጣም። መንጋጋዬ ገጠመ፤ እጆቼ ተጨበጡ፤ አንገቴ ደረቀ። «ያዛት! ያዛት!» የሚለው ድምፅ ይሰማኛል። አጥማቂው መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው ስምህን ተናገር እያሉ ደጋግመው ጠየቁ። እኔ ልመልስላቸው እፈልግ ነበር። የራሴን ስም መናገር እፈልግ ነበር። ምላሴ አልታዘዘኝም፤ እሳቸውም ዲዳ መንፈስ ነው አሉ። ፀሐይ ወጥታ ጋቢ ተጠቅልዬ ስሞቅ ተፍታታሁ፤ ለቀቃት ተባለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ ግን እስከ ማታ መቆም እንዳልቻልኩ፣ ጽዋውን እሷ እየያዘችልኝ እንደ ጠጣሁ አይታለች።

ይህን የምጽፈው ጸበሉን ለመንቀፍ አይደለም። ዛሬም ጸበል እጠጣለሁ፤ ልጆቼንም አስጠምቄያለሁ። እናቴም ያን ሁሉ መንገድ በሌሊት የሄደችው ስለምትወደኝ ነው። ነገር ግን ከዚያ ጠዋት ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከእኔ ጋር አብሮ ኖሯል። እኔ እጄ ተከፈቺ ስላት የማትከፈተው፣ በፈቃዴና በእጄ መካከል ማን ቆሞ ነው? ዛር ነው? ስንፍና ነው? ኃጢአት ነው? በጌቴሴማኒ ተኝተው የቀሩትን ደቀ መዛሙርት ታሪክ አባቴ በተረከ ቁጥር ሥጋ ደካማ ነው የሚለው ነገር ወደ እኔ የተወረወረ ይመስለኝ ነበር።

መልሱን ያገኘሁት፣ ካገኘሁት፣ ሚኒሶታ ውስጥ ነው። በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ 14 ዓመት ባዮሎጂ ካስተማርኩ በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. ወደዚህ መጣሁ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዘመኖች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የሚኒሶታ ጥር ከደብረ ብርሃን ኅዳር ጋር የሚወዳደር አይደለም። አንድ ቀን አውቶቡስ ስጠብቅ ጓንቴን እቤት ረስቼ ነበር። ዕቃ የገዛሁበት የፕላስቲክ ከረጢት እጀታ መዳፌ ውስጥ እንደ ገባ ቀረ። ቤት ደርሼ ከረጢቱን ከጣቶቼ መካከል በመቀስ ቆርጣ ያወጣችው ልጄ ናት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግትርነቱ ሲለቀኝ ተመስገን አልኩ፤ ግን የመጣው ጤና አልነበረም። እጄ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥላ ቀረች። ማንኪያ ማንሳት አልቻልኩም። ማታ እስክተኛ እንደዚያው ነበርኩ።

ወደ ሕክምና ሄድኩ። ሐኪሟ ቀጭን መርፌ ክንዴ ላይ ተከለችና ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘችው። ዘና በዪ፣ ምንም አታድርጊ አለችኝ። ምንም አላደረግሁም። ማጉያው ግን መጮህ ጀመረ፤ ሞተር ብስክሌት ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ሲወርድ እንደሚሰማው፣ እየከረረ እየላላ፣ እየከረረ እየላላ። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት። «ያንቺ ጡንቻ ነው» አለችኝ። አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ አንዲት ነገር ሳላዝዘው ለብቻው ይሠራ ነበር። ያን ድምፅ እየሰማሁ አለቀስኩ። ሕይወቴን ሙሉ ሰነፍ የተባለ ሥጋ ነው እንግዲህ፣ ማረፍ አቅቶት የሚጮኸው።

በሽታው በሕክምና ቋንቋ ፓራማዮቶኒያ ኮንጄኒታ ይባላል። በ1886 አልበርት ኦይለንቡርግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው መጀመሪያ የገለጸው። ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ብርድ ያስነሳዋል፤ ሥራም ያባብሰዋል። ምክንያቱ የጡንቻ ክር ሽፋን ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ነው፤ የሶዲየም ቻናል። ይህን ቻናል 14 ዓመት አስተምሬዋለሁ። ሰሌዳ ላይ ሽፋኑን በሁለት መስመር እሥልና መሐሉ ላይ ቀዳዳ እከፍታለሁ። ጡንቻው ሲያርፍ የክሩ ውስጥ ከውጩ 90 ሚሊቮልት ያህል ኔጌቲቭ ነው። ነርቭ ሲጠራው ቻናሎቹ ይከፈታሉ፤ ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ውስጡ ወደ ፖዘቲቭ ይገለበጣል፤ መልእክቱ እንደ ሰደድ እሳት ክሩን ይዞ ይሮጣል፤ ጡንቻው ይኮማተራል። ቀስቱን በቀይ ጠመኔ አሠምርና ወደሚቀጥለው ርዕስ እሄዳለሁ።

ቀጥሎ የሚሆነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የማልፈው። አሁን ሳስበው ዋናው ያ ነበር። ቻናሉ ተከፍቶ የሚቆየው አንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ነው። ከዚያ ማንም ሳያዘው፣ የከፈተው ምክንያት ገና ሳይወገድ፣ ራሱን ይቆልፋል። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዝግ ሆኖ ያልተቆለፈ በር አለ፤ የገፋው ይከፍተዋል። ወለል ብሎ የተከፈተ በር አለ። ከውስጥ በመወርወሪያ የተቀረቀረ በርም አለ። የሶዲየም ቻናል ሦስቱንም ነው። ከተቆለፈ በኋላ የቱንም ያህል ቢጠሩት፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ትእዛዝ ቢልኩበት አይከፈትም። የሚከፈተው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ክሩ ወደ ጸጥታው፣ ወደ 90 ሚሊቮልት አካባቢ ይመለሳል፤ መወርወሪያውም በጥቂት ሺህኛ ሰከንዶች ውስጥ ይነሣል። በሩ ዝግ ይሆናል፤ ግን ለጥሪ ዝግጁ።

ይህን መጀመሪያ የለዩት አለን ሆጅኪንና አንድሪው ሃክስሊ ናቸው፤ በ1952፣ ከስኩዊድ በወጣ ወፍራም ነርቭ ላይ። መክፈቱ አንድ ነገር፣ መቆለፉ ሌላ ነገር እንደ ሆነ በቁጥር አሳዩ። በጊዜው የካምብሪጅ ኮምፒውተር ለሥራ ዝግጁ ስላልነበረ ሃክስሊ ስሌቱን በእጅ በሚዞር ማሽን ሠራው፤ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ሁለቱም በ1963 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን በ1970ዎቹ የተሠራው ነው። ክሌይ አርምስትሮንግና ፍራንሲስኮ ቤዛኒያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም በነርቩ ውስጥ አስገቡ። ቻናሎቹ እንደ ወትሮው ተከፈቱ፤ መቆለፍ ግን ተሳናቸው። እንግዲህ ቆላፊው ከውስጥ በኩል የተንጠለጠለ፣ ሊቆረጥ የሚችል ነገር ነበር። ኳስና ሰንሰለት ብለው ሣሉት፤ ጀበና አፍ ላይ በክር እንደታሰረ ውታፍ። በ1992 ደግሞ የዊልያም ካተራል ቤተ ሙከራ የውታፉን ማንነት አገኘ፤ ተከታትለው የቆሙ ሦስት አሚኖ አሲዶች፣ ኢሶሉሲን፣ ፌኒልአላኒን፣ ሜቲዮኒን። ቅርብ ጊዜ፣ ከ2017 ወዲህ፣ የቀዘቀዘውን ፕሮቲን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ውታፍ የሚለው ሥዕል በትክክል እንዳልነበረ ታወቀ። ሦስቱ ቀዳዳውን አይደፍኑትም፤ ከጎኑ ባለ ስንጥቅ ውስጥ ገብተው እንደ ሽብልቅ ይገፉና ቀዳዳው እንዲጠብ ያደርጋሉ። ሽብልቁ እንዲገባ ምልክት የሚሰጠው ደግሞ ከአራቱ የቻናሉ ክፍሎች ዘግይቶ የሚንቀሳቀሰው አራተኛው ነው። ሦስቱ ይከፍታሉ፤ አራተኛው ቀስ ብሎ ተነሥቶ በቃ ይላል።

የጡንቻው ቻናል 1,836 አሚኖ አሲዶች አሉት። ሦስቱ ቆላፊዎች 1,310ኛ፣ 1,311ኛ እና 1,312ኛ ላይ ይቆማሉ። የእኔ ስሕተት 1,313ኛው ላይ ነው፤ ልክ ከጎናቸው። ትሪዮኒን መሆን የነበረበት ሜቲዮኒን ሆነ፤ በዘር ፊደሉ ላይ አንዲት ሆሄ ስለተለወጠች ብቻ። ይህን ወረቀት ላይ ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። ንጉሡን ሠና እሳቱን ሰ ያቀላቀለ ተማሪ ፊቱ አይቆምም ነበር። በግዕዝ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ከሆነ ሌባ ነው። «በአንዲት ፊደል ፀሐይቱን ሌባ አደረግሃት» ብሎ ይቆጣ ነበር። እሱ ራሱ እንዲህ ያለ አንዲት ፊደል በሥጋው ተሸክሞ እንደሚዞር፣ ለእኔም እንዳወረሰኝ አላወቀም።

በዚህች ፊደል ምክንያት ሽብልቁ ቀስ ብሎ ይገባል፤ አንዳንዴም አይገባም። ብርድ ደግሞ ሁሉንም ነገር ስለሚያዘገይ የዘገየውን ይበልጥ ያዘገየዋል። ቻናሉ መዘጋት ሲገባው ይንጠባጠባል፤ ጡንቻው በአንድ ጥሪ ፈንታ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ይመልሳል። የያዘኝ ይህ ነበር። የለቀቀኝስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ እንቅልፍ የሚነሳኝ። በዚህ ቻናል ላይ የተሠሩ ስሌቶች እንደሚያሳዩት፣ ከመቶ ሁለት ያህሉ ቻናሎች ብቻ አንቆለፍም ብለው ቢቀሩ ክሩ በሙሉ ሽባ ለመሆን በቂ ነው። እነዚያ ጥቂቶች ሶዲየም እያስገቡ ስለሚቀጥሉ ክሩ ወደ ጸጥታው መመለስ ያቅተዋል። ጸጥታ ከሌለ ደግሞ ጤነኞቹ ቻናሎች መወርወሪያቸውን ማንሣት አይችሉም። እንደ ተቆለፉ ይቀራሉ። ነርቩ ይጠራል፤ የሚመልስ የለም። እጄ እንደ እርጥብ ጨርቅ የተንጠለጠለችው ኃይል አጥታ አልነበረም። ጥቂቶች ስላላረፉ ብዙዎቹ መሥራት ተከልክለው ነው።

ከዚህ ጋር ዘመድ የሆነ ሌላ በሽታ አለ፤ የክሎራይድ ቻናል ችግር ነው፤ በእሱ ግን ጡንቻ ሲሠራ ይፍታታል እንጂ አይብስበትም። በ1876 ስለ እሱ የጻፈው ዩሊየስ ቶምሰን የተባለ ሐኪም ነው። በሽታው የራሱ፣ የቤተሰቡም ነበር። ለመጻፍ ያነሣሣውም ልጁ ከፕሩሲያ ጦር አገልግሎት ለማምለጥ ያስመስላል ተብሎ መከሰሱ ነው። አንድ ሐኪም የልጁን ስም ለማንጻት የዘሩን ደዌ በአደባባይ አወጣ። እናቴ ጸበል የወሰደችኝም፣ እኔ ይህን የምጽፈውም ከዚያ የራቀ አይደለም።

አሁን አባቴ ያስተምርበት ወደ ነበረው ቅጽር ልመለስ። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ምናልባት 13 ዓመት የማይሞላው፣ አንድ ቀን ጠየቀ፦ እግዚአብሔር የማይደክም ከሆነ በሰባተኛው ቀን ለምን አረፈ? ሌሎቹ ሳቁበት። አባቴ አልሳቀም። ብዙ ቆይቶ «የደከመማ ይተኛል ልጄ፤ ማረፍ ሌላ ነው» አለ። እኔ ግድግዳው ሥር የሽሮ እህል እየለቀምኩ ሰማሁት። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ ልጁም የገባው አይመስለኝም። አባቴም ማብራሪያ አልጨመረም።

ዛሬ ለዚያ ልጅ የምነግረው ነገር አለኝ። ቻናሉ የሚቆለፈው ደክሞት አይደለም። የመጀመሪያው መከፈቱም ቢሆን፣ ገና ትኩስ ሆኖ፣ ይቆለፋል። የሚቆለፈው ስለተከፈተ ነው። የከፈተው እንቅስቃሴ ራሱ መዝጊያውን ይቀሰቅሳል። ዕረፍቱ ከሥራው በኋላ የሚመጣ ደመወዝ ወይም የድካም መድኃኒት አይደለም፤ የሥራው ግማሽ ነው። ያለ እሱ ሁለተኛ ሥራ የለም። ልብም እንዲሁ ነው፤ ሳታቋርጥ ትሠራለች የምንላት ልብ በሁለት ምት መካከል ታርፋለች፤ የልብ የሶዲየም ቻናል በደንብ መቆለፍ ሲያቅተው ሰው ድንገት ሊሞት ይችላል። ከፕሮቲን ተነሥቶ ስለ ፈጣሪ መናገር ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። ፈጣሪ ያረፈው እንደ ሶዲየም ቻናል ነው እያልኩ አይደለም። እያልኩ ያለሁት፣ እሱ የሠራው ሥጋ ውስጥ ዕረፍት ከድካም በፊት ተጽፎ አገኘሁት ነው። አባቴ ያለ ማይክሮስኮፕ ያን ያውቅ ነበር።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ስለ ዕረፍት ቀን ብዙ ዋጋ ከፍላለች። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበትም ከእሑድ ጋር ትከበር በማለታቸው ከአገር ወጥተው በ1352 በአርመን ምድር አረፉ። ተከታዮቻቸው ለረጅም ጊዜ ተወግዘው ኖሩ። በመጨረሻ በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጠሩት ጉባኤ በተጉለት፣ በደብረ ምጥማቅ፣ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ተወሰነ። ተጉለት ለደብረ ብርሃን ጎረቤት ናት፤ ደብረ ብርሃንን የመሠረቷትም እኚሁ ንጉሥ ናቸው። ልጅ ሳለሁ ይህ ሁሉ ጠብ ስለ አንድ ቀን መሆኑ ይገርመኝ ነበር። አሁን አይገርመኝም። ሰዎቹ የሚከራከሩት ስለ ቀን መቁጠሪያ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ምን ያህል ማረፍ እንዳለበት የሚወስነው ማን ነው በሚለው ጭምር ነበር።

እዚህ አገር ግን ይህን ውሳኔ አሳልፈን ሰጥተናል ብዬ አዝናለሁ። እኔ ራሴ አምስት ዓመት ሌሊት በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ቀን በሱቅ ሠርቻለሁ። ቅዳሜም እሑድም። ለቤት ኪራይ ነው፣ አገር ቤት ለሚላክ ነው፤ ምክንያቱ እውነት ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን አንድ ሰው «ይህን ቅዳሜ አልሠራም» ሲል በመካከላችን የሚባለውን አውቀዋለሁ፤ ያው በልጅነቴ በማስመሪያ የተነገረኝ ቃል ነው። በእነዚያ ዓመታት ቤቴ ውስጥ ያላረፍኩት እኔ አንዲቷ ነበርኩ፤ ከልጆቼ ጋር ያልተነጋገርነው ግን ሁላችንም ነን። እነሱ እኔ ድምፅ ሳሰማ ዝም ይሉ ነበር።

በሰንበት ቀን በምኩራብ የተፈወሰው፣ እጁ የሰለለችው ሰው ታሪክ ከወንጌል ሁሉ ለእኔ ቅርብ ነው። ቆመው የሚመለከቱት ሰዎች መፈወስ ሥራ ነው፣ ሰንበትን ይሽራል ብለው ነበር። ጌታ እጁን እንዲዘረጋ አዘዘው፤ ማድረግ የማይችለውን አንዱን ነገር። ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ኃይል ወደ ክንዱ ሲገባ ነበር የሚታየኝ። አሁን ሌላ ነገር ይታየኛል። እኔ በደንብ የማውቀው ነገር ስላለ ነው። የተጨበጠ እጅ በኃይል አይዘረጋም። ሞክሬዋለሁ፤ በታገልኩት ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። እጅ የሚዘረጋው የጨበጠው ጡንቻ ሲያርፍ ነው። የዚያ ሰው ደዌ ምን እንደ ነበር ወንጌሉ አይነግረንም፤ የእኔ ነበር ለማለትም አልደፍርም። ግን በዚያ ቀን የተደረገው ሰንበትን የሻረ ሥራ ሳይሆን ሰንበት ራሷ እስከ ጣቶቹ ድረስ መድረሷ ሊሆን እንደሚችል አስባለሁ። ትርጓሜ አልተማርኩም፤ አባቴ ቢኖር ኖሮ ምን ይለኝ እንደ ነበር ለመስማት ብዙ እሰጣለሁ።

ታናሹ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ እሱ ወርሷል። ባለፈው በጋ አይስክሬም እየበላ ሲያወራ ቃላቱ ተኮላተፉ። ምላሱን ብርዱ ይዞት ነበር። እህቱ ልትስቅ ስትል ዓይኗን አየሁና ዝም አለች። ለብ ያለ ውኃ ሰጠሁት፤ አፉ ውስጥ ይዞት ቆየ። ምላሱ ሲመለስ የጠየቀኝ «እማ፣ እኔ ደካማ ነኝ?» ብሎ ነው። በእንግሊዝኛና በአማርኛ እየቀላቀልኩ ስለ በሩ፣ ስለ መወርወሪያው፣ ስለ ሽብልቁ ነገርኩት። በጣቱ የጠረጴዛው መሳቢያ ላይ ሞከረው፤ ሳበው፣ ገፋው፣ ሳበው። «ማንም ካልዘጋው ሁለተኛ አይከፈትማ» አለ። እንዲህ በቀላሉ።

እኔ አሁን ሜክሲሌቲን እወስዳለሁ፤ ለልብ ምት መዛባት የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ከመጠን በላይ የሚከፈቱትን ቻናሎች ይበልጥ ይይዛል። ይረዳኛል። በጥር ግን አሁንም ጓንት ሁለት እደርባለሁ፤ ቅዳሴ ስሄድ ጧፉን የምይዘው በግራ እጄ ነው፣ ቀኟ ለመስቀል ሰላምታ ነጻ እንድትሆን።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ደብረ ብርሃን ላለው ታናሽ ወንድሜ ደወልኩለት። እሱ ጤነኛ ነው፤ አባታችንን እስከ መጨረሻው ያስታመመውም እሱ ነው። ስለ በሽታው ከነገርኩት በኋላ አባባ እጁ እንደሚይዘው ያውቅ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ቀጥሎ ሌሊቱን ማኅሌት ካለ እራት እንደ በላን አባባ ምን ያደርግ እንደ ነበር አታስታውሺም ወይ አለኝ። አላስታውስም አልኩት፤ እኔ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

«መቋሚያውን ምድጃው አጠገብ አጋድሚልኝ ይላት ነበር እማማን» አለኝ። «እጁን አልነበረም የሚያሞቀው እትዬ። እንጨቱን ነበር።»